አራተኛው ማነው? የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን ከወቅቱ በፊት ራኒንግ ባኮቹን እንዴት ይቆጥራል

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ በተለይ ከኋላ የተደረደራችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ፣ ልጅ ይዞ፣ ቅዳሜ ማታ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ለመስማት መምጣት ቀላል ነገር አይደለም። አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ፤ ቡናውን ያፈላችሁልንንም እግዜር ይስጥልን።

የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ጨዋታው እንግዳ ለሆነባችሁ ይህን ብቻ ያዙ። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ መሄድ አለበት። ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ ነው። ከጎኑ ወይም ከኋላው ቆሞ ኳሱን ከእጁ ተቀብሎ ሰው መሀል የሚገባው ደግሞ ራኒንግ ባክ ይባላል። እኛ ሩጫ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ይሄኛው ግን መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች መንገድ ዘግተው የሚጠብቁበት ሩጫ ነው።

ኦገስት ሲገባ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «አንደኛው ሯጫችን ማነው?» ጋዜጣው የሚጽፈው ይህንኑ ነው፤ ቴሌቪዥኑም የሚያወራው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አራተኛው ማነው? አዎ፣ አራተኛው! ስሙን ማንም የማያነሳው፣ በፎቶው ላይ ዳር የቆመው ልጅ ማነው? ዛሬ ማታ ይህንን ጥያቄ እደጋግመዋለሁ፤ አትሰልቹኝ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ አንድ ቡድን ሯጭ ሲያልቅበት ምን እንደሚሆን በእውነተኛ ታሪክ አሳያችኋለሁ። ቀጥሎ ይህ ሰው ሥራው ምን ምን እንደሆነ እንዘረዝራለን፤ እዚያ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። በመጨረሻም ከወቅቱ በፊት የሚወራውን ወሬ እንዴት እንደምናጣራና ደንቡ ምን እንደሚል እናያለን።

እንግዲህ ወደ አንደኛው። በ2022 ኦገስት ኦሃዮ ስቴት የተባለው የዩኒቨርሲቲ ቡድን በወረቀት ላይ አራት ጥሩ ሯጮች ነበሩት። ትሬቪዮን ሄንደርሰን የእኛው የቨርጂኒያ ልጅ ነው፤ ከሪችመንድ በስተደቡብ ካለችው ከሆፕዌል። በ2021 ገና አንደኛ ዓመት ሳለ 1,248 ያርድ ሮጧል፤ ቱልሳ ላይ በአንድ ቀን ብቻ 277። ሁለተኛው ሚያን ዊሊያምስ ነው፣ የማይወድቅ ድንጋይ የሚመስል ልጅ። ሦስተኛው ኤቫን ፕራየር፣ አራተኛው ገና ከሁለተኛ ደረጃ የመጣው ዳላን ሄይደን። አራት ሰው። ማን ይጨነቃል?

ፕራየር ወቅቱ ሳይጀመር በልምምድ ላይ ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱ አለቀበት። ሦስት ቀሩ። ሄንደርሰን እግሩን ያመው ጀመር፤ አንድ ሳምንት ይሰለፋል፣ አንድ ሳምንት ይቀራል። እሱ ባልነበረበት በኦክቶበር 1 ዊሊያምስ ራትገርስ ላይ 189 ያርድ ሮጦ አምስት ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ሜዳው መጨረሻ አድርሶ የሚገኝ ጎል፣ አስቆጠረ፤ ሰዉም «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለ። ኖቬምበር 12 ኢንዲያና ላይ ዊሊያምስ ተጎድቶ ወጣ። በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 19፣ እዚሁ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ፣ ካለንበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ጥቂት ደቂቃ በምትርቀው ስታዲየም፣ ሜሪላንድን ሲገጥሙ ኳሱን የተሸከመው ያ በኦገስት አራተኛ የነበረው ልጅ ነው። ሄይደን 27 ጊዜ ሮጦ 146 ያርድ አመጣ፣ ሦስት ታችዳውን አገባ፤ 43 ለ30 አሸነፉ። በኦገስት የሄይደንን ስም የጠየቀ ስንት ሰው ነበር?

ኖቬምበር 26 ደግሞ ሚሺጋን መጣ፤ የዓመቱ ትልቁ ጨዋታ። ሄንደርሰን አልተሰለፈም። ከኦሃዮ ስቴት ሯጮች ሁሉ ብዙ ያርድ ያመጣው ቺፕ ትሬያነም ነበር፤ 14 ሩጫ፣ 83 ያርድ። ይህ ሰው ወቅቱን የጀመረው በላይንባከርነት፣ ማለትም በተከላካይነት ነው! ደግነቱ ቀድሞ አሪዞና ስቴት እያለ ራኒንግ ባክ ስለነበር ሥራው አዲስ አልሆነበትም። ቢሆንም አስቡት፤ በዚያ ጨዋታ ቀን አምስተኛው ሰው ጋ ደርሰዋል።

አሁን የሜዳውን ሌላኛ ወገን እዩልኝ። ሚሺጋንም አንደኛ ሯጩን አጥቶ ነው የመጣው። ብሌክ ኮረም ከሳምንት በፊት ኢሊኖይ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ስለነበር ሁለት ጊዜ ብቻ ሞክሮ ተቀመጠ። ሁለተኛው ዶኖቫን ኤድዋርድስ እጁ ላይ ጀሶ ታስሮ ገባ። 22 ጊዜ ሮጠ፣ 216 ያርድ። በአራተኛው ሩብ አንድ የ75 ያርድ፣ አንድ የ85 ያርድ ታችዳውን። ሚሺጋን 45 ለ23 አሸነፈ።

ኦሃዮ ስቴት የተሸነፈው በሯጭ እጦት ብቻ ነው አልልም፤ ተከላካዩ ረጃጅም ኳስ እያሳለፈ ተቃጥሏል፣ እውነቱ እሱ ነው። ነገር ግን አንድ ሜዳ፣ አንድ ቀን፣ አንደኛ ሯጫቸውን ያጡ ሁለት ቡድኖች! አንዱ ሁለተኛው ዝግጁ ነበር፤ ሌላው አምስተኛው ጋ ደርሶ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልግባ። ወጣቶች፣ እዚህ ጋ ጆሮ ስጡኝ። የሯጭ ክምችት የሚቆጠረው በስም አይደለም፤ በሥራ ነው። አራት ስም ያለው ቡድን አንድ ሥራ ብቻ የሚችሉ አራት ሰዎች ሊኖሩት ይችላል። ያ ክምችት አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ መሮጥ ነው፤ ሁሉም የሚያየው። መሮጥም ግን ዓይነት አለው። ከፊቱ መንገድ የሚከፍቱ አምስት ሰዎች አሉ፤ መሀል ያለው ሴንተር፣ ግራና ቀኙ ጋርዶች፣ ዳር ያሉት ታክሎች ይባላሉ። በኢንሳይድ ዞን ሯጩ ወደ ጋርዱ ጀርባ አነጣጥሮ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ክፍተቱን ሲያይ አንዴ ብቻ ታጥፎ ይፈተለካል። በአውትሳይድ ዞን ወደ ታክሉ ውጫዊ ጎን ሰፋ አድርጎ ይሮጣል፣ ተከላካዩ አብሮት ሲጎተት ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በፓወር ደግሞ ከወዲያኛው በኩል ተስቦ የሚመጣውን ጋርድ ይከተላል። አዲስ ልጅ የሚበላሸው የት መሰላችሁ? ፍጥነቱ ላይ! ሁለተኛ ደረጃ እያለ ማንም ስለማይደርስበት ይፈጥናል፤ እዚህም ሲፈጥን ጋርዱን ቀድሞ ቀዳዳው ጋ ይደርሳል። ቀዳዳው ገና አልተከፈተም። ሁለት ያርድ። እንደገና ሁለት ያርድ። አሰልጣኙ «ታገስ!» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ኳሱን አለመጣል ነው። የኳሱ አንድ ጫፍ በጣቶች መሀል፣ ሌላው ጫፍ በክርን መታጠፊያ፣ ሆዱ የጎድን አጥንት ላይ ተጣብቆ፣ መዳፍና ክንድ ከላይ ተጭነውት ይያዛል። ኳሱ ከተከላካዩ በራቀው ክንድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መስመሩ በኩል። ሰው ሲበዛ ሁለተኛው እጅ ይጨመራል። ኳስ የሚወድቀው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሰው አይደለም። የመጀመሪያው ይይዘዋል፣ ሯጩ ላለመውደቅ ሲንገዳገድ ክርኑ ከጎኑ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ከኋላ ደርሶ በቡጢ ያወጣዋል። ልምምድ ለማየት ከሄዳችሁ እግሩን ትታችሁ ክርኑን እዩ።

ሦስተኛው፣ አደራችሁን ይህን ያዙልኝ፣ ኳርተርባኩን መጠበቅ ነው። ወጣት ሯጭ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ በዚህ! ወላጆች «ልጃችን ከሁሉ ይፈጥናል፣ ለምን አያሰልፉትም?» ይላሉ። ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን ላይንባከር ወደ ኳርተርባኩ ሲከንፍ ማን እንደሚያስቆመው ያውቃል ወይ?

ደረጃ በደረጃ ላስረዳ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሯጩ ተከላካዮቹን ይቆጥራል። መሀል ላይ ያለው ላይንባከር ማን እንደሆነ ሴንተሩ ወይም ኳርተርባኩ በጣት ያመለክታል፤ የጥበቃው ክፍፍል ሁሉ ከዚያ ይነሳል፣ አምስቱ የፊት ሰዎች እነማንን እንደሚይዙ፣ ለሯጩ ማን እንደሚቀር። ኳሱ ሲነሳ ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ነው፣ ከሴንተሩ ግራና ቀኝ። ለምን? ወደ ኳርተርባኩ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ እሱ ስለሆነ። ውስጡ ንጹህ ከሆነ ዓይኑ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሰው ከመጣ ወደፊት ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ኳርተርባኩ እግር ሥር ቆሞ አይጠብቀውም። ጉልበቱን አጥፎ፣ እግሩን ከፍቶ፣ እጆቹን የሰውየው ደረት ላይ አሳርፎ፣ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ። ማንም ካልመጣ ደግሞ ወጥቶ አጭር ኳስ ለመቀበል ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ ተኩል አይሞላም።

ምን ይበላሻል? አንደኛ፣ ራሱን ይደፋል። ራሱን የደፋ ሰው አያይም፤ ላይንባከሩ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ይወስድና ያልፈዋል፣ አንገትም ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ውጭ ያለውን አስቀድሞ አይቶ ይወጣል፤ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ሦስተኛ፣ በድንጋጤ እግር ሥር ይወረወራል። ከ2022 ጀምሮ ከወገብ በታች መምታት የሚፈቀደው በታክሎቹ መካከል ባለው ክልል ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ውጭ ቢያደርገው ቅጣት ነው። አንድ ስህተት ኳርተርባኩን ለስድስት ሳምንት ሊያሳጣ ይችላል። የትኛው አሰልጣኝ ነው ለአራት ያርድ ሩጫ ብሎ ኳርተርባኩን የሚያስይዝ?

የቀሩትን ፈጠን ልበል። አንድ ያርድ ሲፈለግ ሰውነቱን አስጎንብሶ የሚገባ ከበድ ያለ ሰው ያስፈልጋል። ሦስተኛ ሙከራ ላይ ኳስ የሚይዝ እጅ ያለው ያስፈልጋል። ኳስ በእግር በሚመታበት ጨዋታ ላይ የተመታውን ኳስ ይዞ የሚመልስ፣ የሚመልሰውንም የሚያሳድድ ያስፈልጋል። ሦስተኛና አራተኛ ሯጭ ከቡድኑ ጋር ወደ ውጭ ጨዋታ የሚጓዘው ብዙ ጊዜ በዚህ በመጨረሻው ሥራ ነው። ወጣቶች፣ አትናቁት! ባሪ ሳንደርስ ኦክላሆማ ስቴት ሲገባ ፊቱ ተርማን ቶማስ ነበረ። ሁለት ዓመት ተተኪ ሆኖ ኳስ ሲመልስ ቆየ፤ በ1987 ኪክኦፍ፣ ማለትም የመክፈቻ ምት፣ በመመለስ ከአገሩ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። በ1988 ተራው ደረሰና በ11 ጨዋታ 2,628 ያርድ ሮጠ። እስካሁን የተደረሰበት የለም። አሽተን ጄንቲ በ2024 ለቦይሲ ስቴት 2,601 ሮጦ በ27 ያርድ ቀረ፤ ለዚያውም በ14 ጨዋታ። ሳንደርስ ከመደበኛው ወቅት በኋላ የተጫወተው የቦውል ጨዋታ ያኔ በቁጥሩ ውስጥ እንኳ አልገባም።

ጄንቲን ካነሳሁ አይቀር ስለ ሸክም አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጄንቲ በዚያ ዓመት 374 ጊዜ ሮጧል፤ በጨዋታ ወደ 27 ጊዜ ማለት ነው። ኦሃዮ ስቴት በዚያው ዓመት ሁለት ሰው ነበረው፤ ሄንደርሰን 144 ጊዜ ሮጦ 1,016 ያርድ፣ ከኦል ሚስ የመጣው ኩዊንሾን ጀድኪንስ 194 ጊዜ ሮጦ 1,060 ያርድ። 16 ጨዋታ ተጫውተዋል፤ ስለዚህ ለአንዱ በጨዋታ ዘጠኝ፣ ለሌላው አሥራ ሁለት። ጃንዋሪ 2025 ላይ አሁንም እግር ነበራቸው። በኮተን ቦውል ሄንደርሰን ቴክሳስ ላይ አጭር ኳስ ተቀብሎ 75 ያርድ ሮጠ። በዋንጫው ጨዋታ ጀድኪንስ በ11 ሩጫ 100 ያርድ አመጣ፤ ኖትር ዳምን 34 ለ23 ረቱ። ጄንቲ ግን ፔን ስቴት ላይ 30 ጊዜ ሮጦ 104 ያርድ ላይ ቆመ። ድንቅ ተጫዋች ነው፣ ጥያቄ የለውም፤ ግን ሰው ነው። የዋንጫው ውድድር 12 ቡድን ሲሆን ወቅቱ ረዘመ፤ ወቅቱ ሲረዝም የአንድ ሰው ቡድን ነገር አበቃ ባይ ነኝ።

ታዲያ ያ የ2024 ኦሃዮ ስቴት በክምችት ሀብታም ነበር? ላይ ላዩን አዎ። ከሥር ግን ሳስቶ ነበር። ትሬያነም ወደ ኬንታኪ፣ ያ የሜሪላንዱ ሄይደን ወደ ኮሎራዶ ሄዱ። የሯጮቹ አሰልጣኝ ቶኒ አልፎርድ ራሱ በማርች ወደ ሚሺጋን ተሻገረ። ከሁለቱ ቀጥሎ የነበረው አንደኛ ዓመት ልጅ ነው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው በመዝለቃቸው ማንም ልብ አላለውም። እቅድ ብቻ አልነበረም፤ ዕድልም ነበረበት።

ሦስተኛው ነጥብ። ወሬውን እንዴት እናጣራ?

ኦገስት ላይ «እገሌ እንደ እሳት ሆኗል፣ ማንም አልያዘውም» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ማንም ያልያዘው እንዲይዙት ስላልተፈቀደ ነው! ከ2021 ጀምሮ ደንቡ ጠብቋል። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ሰውነት ማለማመጃ ናቸው። ከኦገስቱ 25 ልምምድ ሙሉ ትጥቅ የሚለበስበት ከዘጠኝ አይበልጥም፤ በአንድ ልምምድ ሙሉ ንክኪ ከ75 ደቂቃ አያልፍም፤ የእርስ በርስ ሙሉ ግጥሚያ ሁለት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ተከላካዩ ሯጩን ገፋ አድርጎ ይለቀዋል፣ መሬት አይጥለውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰው ጥሶ የሚያልፍ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በእነዚያ ሁለት ግጥሚያዎች ነው። ወሬ ስትሰሙ ጠይቁ፤ መቼ ታየ? በትጥቅ ነው ያለ ትጥቅ? ከአንደኛው መስመር ጋር ነው ከሦስተኛው?

ጉዳትንም አሰልጣኝ በኦገስት አይነግራችሁም። ቢግ ቴንና ኤስ ኢ ሲ የሚባሉት የቡድኖች ማኅበራት፣ አንዱ ከ2023 ሌላው ከ2024 ጀምሮ፣ የተጎዱትን ዝርዝር ያወጣሉ፤ እሱም ጨዋታ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ምልክት ማንበብ ነው። ተቀባይ የነበረ ልጅ ከሯጮቹ ጋር ልምምድ ሲሠራ ከታየ፣ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። «ቀስ እያልን እንመልሰዋለን» ከተባለ የታፋ ጅማት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ እሱ ደግሞ ዳነ ሲሉት ተመልሶ የሚይዝ ክፉ ነገር ነው። የላይኛው ቁርጭምጭሚት ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት። የጉልበት መስቀለኛ ጅማት ከተበጠሰ ዓመቱ አለቀ።

ቁጥር ስታነቡም ተጠንቀቁ። በኮሌጅ አቆጣጠር ኳርተርባክ ኳስ እንደያዘ ሲጣል የጠፋው ያርድ ከሩጫ ላይ ይቀነሳል። ቡድኑ በሩጫ ደካማ መስሎ ሯጮቹ ግን ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የሯጮቹን ብቻ ለይታችሁ አስሉ።

ደንቡን በአጭሩ። ቀድሞ ስኮላርሺፕ 85 ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ በፍርድ ቤቱ ስምምነት የገቡ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶላቸው በጠቅላላው 105 ተጫዋች ብቻ ይይዛሉ። ብዙ ቡድን ከዚያ በላይ ይይዝ ስለነበር የተቀነሰው ያለ ስኮላርሺፕ የሚለማመደው ልጅ ነው። ያ ልጅ አምስተኛው ሯጭ ነበር። ተጫዋች ትምህርት ቤት ለመቀየር የሚመዘገብበት የዝውውር ፖርታሉም ከ2026 ጀምሮ የሚከፈተው አንዴ ነው፣ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16። የጸደዩ ቀርቷል። አሰልጣኝ በኤፕሪል ቀዳዳ ቢያገኝ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር፣ ሄዶ የሚያመጣው ሰው የለም። ስለዚህ ቆጠራው የሚደረገው በጃንዋሪ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ሦስተኛ ሯጩን ቀርቦ ያላነጋገረ አሰልጣኝ በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ልጁን ሌላ ቦታ ያገኘዋል።

አንደኛ ዓመት ልጅ ካላችሁ ደግሞ የ2018ቱን ደንብ አስታውሱ፤ እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፎ ከተፈቀዱለት የመጫወቻ ዓመቶች አንዱን ሳያቃጥል መቆየት ይችላል። አራቱን በሴፕቴምበር በቀላል ጨዋታ የሚጨርስ አሰልጣኝ አለ፤ እኔ ስህተት ነው እላለሁ። ሁለቱን በሴፕቴምበር አለማምዱት፣ ሁለቱን ለኖቬምበር አስቀምጡ። ሜሪላንድ ላይ የሆነውን አይታችኋል፤ አራተኛው የሚፈለገው በኖቬምበር ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጨዋታ ስታዩ፣ ቡድናችሁ በሠላሳ ነጥብ ሲመራ ቴሌቪዥኑን አትዝጉ። አንደኛው ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አሁን የገባው ማነው? ስሙን ጻፉት። ቀጥሎ እሱ ሜዳ ላይ እያለ አሰልጣኙ ረጅም ኳስ ያዝዛል ወይስ ሩጫ ብቻ? ሩጫ ብቻ ከሆነ ኳርተርባኩን እንዲጠብቅ ገና አላመኑትም። ረጅም ኳስ ካዘዘ፣ ላይንባከሩም መጥቶ ልጁ ከያዘው፣ አራተኛችሁን አግኝታችኋል።

በዚህ ላብቃ። እጅ ያወጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ ከዚያ ጥግ ካሉት እናት እንጀምር፣ እሜቴ ይጠይቁ።